ጎንበስ ሲሉ የማይወዛወዝ ማንገቻ

ቦንጋ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ላይፕዚግ ለሚገኘው ለወንድሜ ልጅ ለእስክንድር ወልደ ጊዮርጊስ፣

እንዴት ከረምክ ልጄ? ያለህበትን ብርድ አምላክ ያቅልልህ። እኔ ከዕድሜና ከዝናብ በቀር የሚያስቸግረኝ የለም፣ ተመስገን። ዝናቡ ዘንድሮ መስከረም አልፎም አልለቀቀንም። አባትህ በእጁ የሳለው የፎቶ ቤቱ የፏፏቴ መጋረጃ ከታች በኩል ሻግቷል፤ ደንበኛ ግን አሁንም እሱ ፊት ካልቆምኩ ይላል።

ደብዳቤውን እንደ ልማዴ በወረቀት ጽፌ፣ በስልክ አንስቼ በቴሌግራም ልኬልሃለሁ። በድምፅ ማውራቱን አልወደውም። ገና እንዴት ነህ ሳልልህ ጉርድ ፎቶ ፈላጊ ይገባና ያቋርጠኛል።

ዛሬ የምጠይቅህ ብር አይደለም። ለመስቀል የላክኸው ይበቃኛል፣ ደግመህ እንዳትልክ። የምጠይቅህ የካሜራ ማንገቻ ነው። ያለኝ ካሜራው ሲገዛ አብሮት የመጣው ነው። ቀጭንና ደረቅ ነገር ነው፤ ትልቁን ሌንስ ስገጥምበት አንገቴን ይቆርጠኛል። ድሮ ሙቅ ውሃ ይዤበት ካደርኩ ይለቀኝ ነበር። ካለፈው ክረምት ወዲህ ግን ሕመሙ ከአንገቴ ተነስቶ በትከሻዬ አድርጎ ቀኝ እጄ ላይ ይወርዳል፤ ሁለቱ ትንንሽ ጣቶቼ ደንዝዘው ይውላሉ። ሐኪም ዘንድ ሄጄ ነበር። "የአንገት ነርቭ ነው። ከባድ ነገር አያንጠልጥሉበት፣ አለበለዚያ እጅዎ ይሰንፋል" አለኝ። ሥራዬ ምን እንደሆነ ስነግረው ያንኑ ደገመልኝ።

እዚህ ያልሞከርኩት የለም። የተማሪ ቦርሳ ማንገቻ ፈትቼ አሰፋሁ፤ ሙሽራው ቀለበት ሲያጠልቅ ስፌቱ ተተረተረና ካሜራውን በጉልበቴ ነው የያዝኩት። ጅማ የሚሄድ ሰው ላኩ፤ ያንኑ ቀጭኑን ይዞልኝ መጣ።

ጥር እየመጣ ነው፣ ሠርጉ ከቦንጋ አልፎ እስከ ደካ ነው። በክረምቱ መግቢያ ደግሞ የዩኒቨርሲቲው ተመራቂዎች አሉ። አሁን ሁሉም ሰው ስልክ አለው፤ ለሠርግና ለምረቃ ግን አሁንም ይጠሩኛል። አባትህ ከማረፉ በፊት አልጋ ላይ ሆኖ "ልጄ እስኪመጣ ፎቶ ቤቱ እንዳይዘጋ፣ አደራሽን" ያለኝን አንተም ታውቃለህ። አንተ እስክትመጣ ይህ እጅ ያስፈልገኛል።

የምፈልገው ሁለት ነገር ነው። አንገቴን እንዳይቆርጥ፣ ካሜራውንም እንዳይጥል። መልኩ እንደፈለገ ይሁን።

ክፉ አይንካህ።

አክስትህ በዛወርቅ


ላይፕዚግ፣ ጥቅምት 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማከብርዎት አክስቴ ለእትዬ በዛወርቅ፣

ጤናዎ እንዴት ነው ብዬ እንዳልጠይቅ አስቀድመው ነግረውኛል። እግዚአብሔር ይማርዎት። እኔ ደህና ነኝ፤ ከዚያው ከጥቅል መጋዘኑ አልወጣሁም። ቀኑን ሙሉ የሰው እቃ ከአንዱ መስመር ወደ ሌላው አነሳለሁ፣ ላኪውንም ተቀባዩንም አላያቸውም።

ደብዳቤዎ ደስ አለኝ ብል ይታዘቡኛል። ግን እውነቴን ነው። ልረዳዎት የምችለው ነገር ስለጠየቁኝ ደስ አለኝ።

በእረፍት ሰዓቴ ስልኬ ላይ ሌላ ነገር ማንበብ ትቻለሁ። በማንገቻ ይህን ያህል የሚጨነቅ ሕዝብ እንዳለ አላውቅም ነበር። አንዱ ጋራ እየወጣ ይፈትነዋል፣ ሌላው አሸዋ የሞላ ከረጢት አንጠልጥሎበት ሳምንት ይተወዋል። የገባኝን በአጭሩ ልንገርዎት። ቀጭን ማንገቻ ክብደቱን ሁሉ አንድ መስመር ላይ ይጥለዋል፤ ሰፋ ሲል ክብደቱ ይበተናል። ስለዚህ አራት ጣት የሚሰፋ፣ ውስጡ ስፖንጅ የሆነ፣ በአንገት በኩል ጎበጥ ተደርጎ የተሰፋ መርጫለሁ። ላብ እንዳያንሸራትተው ከውስጥ በኩል ሻካራ ነው። ካሜራው ጋር የሚያያዘው ጫፍ የመኪና ቀበቶ ዓይነት ጨርቅ ሆኖ በዘለበት ውስጥ ሁለቴ ይዞራል። ሲያስገቡት ጫፉን ወደ ውስጥ መልሰው ያጥብቁት፤ እንዲሁ ከተዉት ቀስ እያለ ይሾልካል።

አብራኝ የምትሠራ አስማ የምትባል የጅማ ልጅ ኅዳር ላይ አገር ቤት ትገባለች፣ በእሷ እልካለሁ። ለጥር ይደርስልዎታል።

ረጅም ዕድሜ ይስጥልኝ።

እስክንድር


ቦንጋ፣ ታኅሣሥ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእስክንድር፣

ጤናህን ይጠብቅልኝ፣ በሰው አገር ሰው አያሳጣህ። አስማ እቃውን ጅማ ላይ ለአውቶቡስ ሾፌር አደራ ሰጥታልኝ እጄ ገብቷል። ስልክም ደወለችልኝ። "ዝምተኛ ነው፣ ግን ከሁላችንም በላይ ይሠራል" አለችኝ። አንጀቴን በላኸው።

ማንገቻው ሲነኩት ደስ ይላል። የመጀመሪያ ቀን አንገቴ ላይ መኖሩንም ረሳሁት። ብዋሽህ ግን አይጠቅመኝም። ስፖንጁ ይለጠጣል፤ በተራመድኩ ቁጥር ካሜራው ደረቴን እየደበደበኝ ይሄዳል። ደግሞ ውሃ ይጠጣል። የእኛዎቹ በጾም ባያገቡም የወንጌላውያን ሠርግ ነበረኝ፣ ደካ። በሞተር ተፈናጥጬ ስሄድ ዝናብ ያዘኝ። ካሜራውን በፌስታል ጠቅልዬ ጋቢ ውስጥ ከተትኩት፤ ማንገቻው ግን እንደ እርጥብ ፎጣ አንገቴ ላይ ዋለ። ይኸው ዛሬም አልደረቀም። ቤቱ ውስጥ የሻጋታ ሽታ ሲሸት መጋረጃው መስሎኝ ነበር፣ ለካ እሱ ነው።

ክብደቱም ቢሆን ተበትኗል እንጂ አሁንም ያለው አንገቴ ላይ ነው። ከሠርጉ ማግስት ብርጭቆ ከእጄ ወደቀ። ሲወድቅ አየሁት እንጂ መልቀቄን አላወቅኩም። ቀጸላ መጥታ ጠረገችልኝ። ቀጸላን አታውቃትም፤ ከደብረ ማርቆስ ተመድባ የመጣች የዞኑ ኮሙኒኬሽን ፎቶግራፈር ናት፣ ከስቱዲዮው ጀርባ ያለውን ክፍል ተከራይታለች። እሷም ባለ ቀጭን ማንገቻ ናት፣ ማታ ማታ አብረን አንገታችንን እናሻለን።

አንገት ላይ የማያርፍ ዓይነት ካለ እሱን ፈልግልኝ። ዝናብም የማይጠጣ ይሁን።

ሰው ሁሉ እስክንድር መቼ ነው የሚመጣው ይለኛል። በቅርቡ እላለሁ። ማለት ደግሞ ያደክማል።

አክስትህ በዛወርቅ


ላይፕዚግ፣ ታኅሣሥ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ በዛወርቅ፣

እጅዎን እግዚአብሔር ይዳብስልኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው። ስለ አንገትዎ አስቤ ስለ ቦንጋ ዝናብ አላሰብኩም። ሰማይ የሚተፋውን ውሃ እንዴት እረሳለሁ?

አሁን የመረጥኩት አንገት የሚባል ነገር አይነካም። ከግራ ትከሻ ተነስቶ በደረት ላይ አግድም አልፎ ቀኝ ዳሌ ላይ ይወርዳል። ካሜራው ከሆዱ በኩል ባለው ቀዳዳ፣ የባለ ሦስት እግር ማቆሚያው ብሎን በሚገባበት ማለቴ ነው፣ በብሎን ይያዝና ዳሌዎ ጋ ተዘቅዝቆ ይንጠለጠላል። ሲፈልጉት ይዘው ወደ ዓይንዎ ያነሱታል፣ ማንገቻው ባለበት ይቆያል፣ ካሜራው ብቻ በላዩ ላይ ተንሸራቶ ይወጣል። ጨርቁ ውሃ አይጠጣም። የሞከሩት ሁሉ አመስግነውታል። እኔም ክፍሌ ውስጥ ሞክሬዋለሁ፤ ሁለት ኪሎ ስኳር በከረጢት አንጠልጥዬበት ደረጃ ወጥቼ ወርጃለሁ። ጎረቤቴ ምን እንዳሰበች እንጃ።

ሌላው ልጠይቅዎት የምፈልገው ስለ ጣቶችዎ ነው። አሁንም ሁለቱ ብቻ ናቸው? ብርጭቆው የወደቀው አንዴ ብቻ ነው? ጅማ ሆስፒታል ቢታዩ ጥሩ ነው። አይፍሩ።

መቼ ይመጣል ለሚሉዎት ሁሉ ሰላም ይበሉልኝ።

እስክንድር


ቦንጋ፣ የካቲት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእስክንድር፣

እንደምን ሰነበትክ? እኛ ሠርጉን ጨርሰን ጾሙን እየጠበቅን ነው። ዘንድሮ ሠርግ ሲያልቅ እንደ እኔ ደስ ያለው ሰው ያለ አይመስለኝም።

ያ ማንገቻህ ጉድ ሠራኝ። ቁጭ ብለህ አንብበው።

ቢታ ገነት ነበርኩ። የሙሽሪት ዘመዶች ከዳሱ በስተቀኝ ተደርድረው ተቀምጠዋል፣ ሽማግሌዎቹ ከፊት። እንደ ደንቡ ሥራ ከመጀመሬ በፊት አንድ በአንድ ሰላም ልላቸው ሄድኩ። የሙሽሪት አያት አቶ ኃይለመስቀል መጀመሪያ ናቸው። ቀኝ እጄን ዘረጋሁ፣ በግራ እጄ ክንዴን ደገፍኩ፣ ጎንበስ አልኩ። ሁለቱም እጄ ሰላምታ ላይ ነው። ካሜራውን ማን ይያዘው? ከዳሌዬ ተነስቶ በሆዴ በኩል ዞሮ ሄደና የሰውየውን አፍ በሌንሱ መታው።

ከንፈራቸው ደም አወጣ። መሬት ብትውጠኝ ብዬ ቆምኩ። እሳቸው በጋቢያቸው ጫፍ ጠረግ አደረጉና በምላሳቸው አፋቸውን ዳሰሱ፤ "አይዞሽ፣ የቀሩኝ ጥርሶች ሁለት ናቸው፣ አልነካሻቸውም" አሉኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ከዚያ በኋላ ያሉት ግን ገና ወደ እነሱ ስጠጋ አንድ እጃቸውን ለሰላምታ፣ አንድ እጃቸውን ፊታቸው ላይ እያደረጉ ነው የጠበቁኝ። ቀኑን ሙሉ እንዲህ ሆኜ ዋልኩ።

እስክንድር፣ ይህን ማንገቻ ያመሰገኑልህ ሰዎች ሰው ሲያገኙ እጃቸውን አውለብልበው የሚያልፉ መሆን አለባቸው። አንተ ግን እዚህ ነው ያደግከው። ገና ስትራመድ አባትህ አንገትህን ይዞ እንዴት ጎንበስ እንደሚባል ሲያሳይህ አይቻለሁ። ጎንበስ እንደምንል ረስተሃል ማለት ነው። ከሽማግሌው ከንፈር ይልቅ ይህ ነው ያመመኝ።

አላለቀም። ስመለስ በሞተር ነበር። መንገዱን ታውቀዋለህ፤ ያ ሁሉ ንቅናቄ ብሎኑን ቀስ በቀስ ፈታው። ዳሌዬ ሲቀለኝ ጊዜ ነው የነቃሁት። ካሜራው ወገቤ ላይ በታጠቅኩት ጋቢ ውስጥ ወድቆ ነው የተረፈው። ልይዘው እጄን ሰድጄ ነበር። እጄ ሄደ፣ ጣቶቼ ግን አልጨበጡም። አሁን ሦስት ሆነዋል።

ስለዚህ ዳሌዬ ላይ የሚንከራተት አልፈልግም። ከሰውነቴ ጋር ተጣብቆ የሚይዝ፣ ጎንበስ ብልም ሞተር ላይ ብንቀጠቀጥም የማይነቃነቅ ፈልግልኝ። እኔ መያዝ ባልችል እንኳ እሱ የሚይዝ።

እና ደግሞ አንድ ነገር ንገረኝ። የመኖሪያ ወረቀትህ ጉዳይ አልቆ እጅህ ገብቷል ብላኛለች አስማ። እውነት ነው? እውነት ከሆነ መቼ ትመጣለህ?

አክስትህ በዛወርቅ


ላይፕዚግ፣ መጋቢት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማከብርዎት ለእትዬ በዛወርቅ፣

ጾሙን በጤና ያስፈጽምዎት። ስለ መዘግየቴ ይቅርታ ያድርጉልኝ። መልስ ልጽፍ ተቀምጬ የተነሳሁበት ቀን ብዙ ነው።

የአቶ ኃይለመስቀልን ነገር ሳነብ መጀመሪያ ብቻዬን ሳቅኩ። ከዚያ ሳቄ ጠፋ። በማንገቻው ተራምጄበታለሁ፣ ደረጃ ወጥቼበታለሁ፣ አንዴም ዘልዬበታለሁ። ጎንበስ ማለት ትዝ አላለኝም። እዚህ ሰው ጎንበስ የሚለው የጫማውን ክር ሊያስር ነው። እኔም ቀኑን ሙሉ ጎንበስ እላለሁ፣ ለካርቶን። ያሉኝ እውነት ነው፣ ረስቻለሁ። መርሳቴን እንኳ እርስዎ እስኪነግሩኝ አላወቅኩም፣ ይህ ደግሞ አስደንግጦኛል።

አሁን የምልከው ባለ ሁለት ትከሻ ነው። እንደ ሰደርያ ይለበሳል፣ ጀርባ ላይ ይገናኛል፣ ክብደቱን ሁለቱ ትከሻና ወገብ ይካፈሉታል። ካሜራው ደረት ላይ ባለ ብረት ውስጥ ገብቶ ቀጭ ብሎ ይቆለፋል፤ ካልከፈቱት አይወጣም። ከዚያ በተጨማሪ ብሎኑ ቢፈታ እንኳ የሚይዘው ቀጭን ገመድ አለው። በዚህኛው ለማቀዝቀዣዬ ደጋግሜ ጎንበስ ብዬለታለሁ። አልመታሁትም።

እትዬ፣ ሦስት ጣት ማለት ቀልድ አይደለም። ከፋሲካ በፊት ጅማ ይሂዱ፣ እለምንዎታለሁ። እኔም ወገቤን እያመመኝ ነው። መጋዘኑ ቀበቶ ሰጥቶኝ እሱን ታጥቄ ነው የምሠራው፣ ስለዚህ የሚሉት ይገባኛል።

ስለ መምጣቴ የጠየቁኝን አልዘለልኩትም። በሌላ ደብዳቤ ሰፋ አድርጌ እመለስበታለሁ።

እስክንድር


ቦንጋ፣ ሚያዝያ 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእስክንድር፣

ይህን የምጽፈው ቀጸላ ነኝ። ቃሉ ግን የእትዬ በዛወርቅ ነው፤ እንዳልጨምርም እንዳልቀንስም አስምለውኛል።

ልጄ፣ እንኳን ለትንሣኤው አደረሰህ። እስክሪብቶ አልያዝ ስላለኝ ነው ለቀጸላ የምነግራት። አትደንግጥ፣ ሌላው አካሌ ደህና ነው።

ባለ ሁለት ትከሻው ደረሰኝ። ከሁሉ እሱ ይሻላል። ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ በነበረ ሠርግ ለብሼው ዋልኩ፣ ስንት ዓመት ያልተቃናው አንገቴ ቀጥ አለ። ጎንበስ ስልም ማንንም አልመታሁ። ነገር ግን ከሩቅ ሲያዩኝ የታጠቀ ሰው መስያለሁ መሰለኝ፣ የሙሽራው እናት ወይዘሮ ዓባይነሽ ጆሮዬ ላይ ጠጋ ብለው "ጠብ ይኖራል ተብሎ ነው እንዴ?" አሉኝ። ከዚያ በላዩ ነጠላዬን ደረብኩበት። ካሜራውን ከነጠላዬ ሥር ሳወጣና ስከት ሴቶቹ "ጡት ልታጠባው ነው" እያሉ ሳቁብኝ። እኔም ሳቅኩ።

ከዚያ ሙሽሮቹ ኬክ ሲቆርሱ ካሜራውን ወደ ዓይኔ አነሳሁ። ደረቴ ላይ ጥብቅ ብሎ ነበር፣ አልወደቀም። ግን የማንሻውን ቁልፍ ልጫን ብል እጄ እንቢ አለኝ። በግራ እጄ ዞሬ ስጫነው ኬኩ ተቆርሶ ነበር። ድጋሚ ቁረሱ አልኳቸው። የደረቀ ፈገግታ ፈገግ አሉልኝ። እንዲህ ያለ ፎቶ አባትህ ግድግዳው ላይ አይሰቅልም ነበር።

ጅማ ሄድኩ፣ ቀጸላ ናት ይዛኝ የሄደችው። ሐኪሙ የተነሳሁትን የአንገት ፊልም አየና አንገትሽ ላይ ነርቩ ተጨፍልቋል፣ ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋል አለኝ። በቶሎ ከሆነ እጁ ይመለሳል። ከዘገየ የሰነፈው ጣት ሰንፎ ይቀራል። ከቀዶው በኋላ ደግሞ ለወራት ምንም ነገር እንዳላነሳ፣ ካሜራ ግን ጨርሶ እንዳላንጠለጥል ነገረኝ።

እንግዲህ አሁን የምጠይቅህን በግልጽ መልስልኝ። ትመጣለህ ወይስ አትመጣም? እመጣለሁ ካልክ እስከ ምረቃው በግራ እጄም ቢሆን እታገሣለሁ፣ ቤቱን አስረክቤህ ጅማ እተኛለሁ። አልመጣም ካልክም አልቆጣም፣ አልረግምህም። ብቻ ንገረኝ። የአባትህ አደራ አለብኝ፣ አንተን ሳልጠይቅ በሩን ልዘጋው ወይም ለሌላ ልሰጠው አልችልም። መልስህን ሳላገኝ ሐኪሙ ጋ ቀን አልይዝም።

ማንገቻ ከእንግዲህ አልፈልግም።

አክስትህ በዛወርቅ፣ በቀጸላ እጅ


ላይፕዚግ፣ ሰኔ 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ በዛወርቅ፣

እንደምን አሉ? ሥራ በዝቶብኝ ዘገየሁ፣ ይቅርታ።

ከዚህ ጋር የላክሁት እስካሁን ካየኋቸው ሁሉ ይበልጣል። ቀላልና ለስላሳ ነው፣ በልብስ ሥር አይታይም፣ ጎንበስ ሲሉ በራሱ ይጠብቃል። መቆለፊያው ሁለት ጊዜ ካልተጫኑት አይከፈትም። ለምረቃው ይደርስልዎታል ብዬ አስባለሁ።

በደንብ እጽፋለሁ።

እስክንድር


ቦንጋ፣ ሐምሌ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ልጅ ለእስክንድር፣

ሰላም ላንተ ይሁን ልጄ። ዛሬ ራሴ ነኝ የምጽፍልህ። በአውራ ጣቴና በአንድ ጣት ነው፣ ቀስ እያልኩ፣ ሲደክመኝ እያረፍኩ። ከሰኞ ጀምሬው ዛሬ ማክሰኞ ነው። መልኩ ባያምርም ይህን ቀጸላ ልትጽፈው አይገባም።

እቃህ ደረሰኝ። ካርቶኑን ስትከፍተው ቀጸላ ገልብጣ አራገፈችው፣ ሌላ ደብዳቤ ይኖራል ብላ። እኔ ያቺን ብጣሽ ወረቀት ሳነብ ነው የገባኝ። ትመጣለህ ወይ ብዬ ጠይቄህ ማንገቻ ላክህልኝ። ይህ መልስ ነው። ከዚህ የበለጠ ግልጽ መልስ ልትጽፍልኝ አትችልም ነበር።

ያን ቀን ተናድጃለሁ፣ አልደብቅህም። ሁለት ወር ሙሉ ስልኬን እያየሁ ነበር። ጅማ ቀን ያልያዝኩት አንተን ስጠብቅ ነው። ደግሞም አልቅሻለሁ። ለእጄ አይደለም ያለቀስኩት፣ ደክሞኝ ነው። አንድን ሰው "በቅርቡ ይመጣል" እያሉ መኖር ምን ያህል እንደሚያደክም እስከዚያ ቀን ለራሴም አልነገርኩትም ነበር።

በማግስቱ ወደ ንስሐ አባቴ ሄድኩ። የአባትህን ቃል ነገርኳቸው፣ ልጄ እስኪመጣ ቤቱ እንዳይዘጋ ያለውን። "ልጁ ካልመጣስ ምን አለሽ?" አሉኝ። ምንም አላለኝም አልኳቸው። "እንግዲያው እሱም አላሰበውም። ላላሰበው ነገር እጅሽን ክፈይ አላለሽም" አሉኝ። ከዚያ ወንድሞቼንና የሠፈሩን ሽማግሌዎች ቤት ጠርቼ ፊታቸው ተናገርኩ። ማንም አልተቃወመኝም። እንዲያውም ይህን ስትዪ እየጠበቅን ነበር አሉኝ። ሰው ለካ ዝም ብሎ ያየኛል።

ቤቱን ለቀጸላ ሰጥቻታለሁ። የመንግሥት ሥራዋን ለቃለች። አገሬ ልመለስ ትል የነበረችው አሁን እዚህ ልቅር ብላለች። ስሙ "ፎቶ ወልደ ጊዮርጊስ" እንደተባለ ይቀጥላል፣ የጠየቅኋት እሱን ብቻ ነው። መጋረጃውን ግን እንድትቀይር ነግሬያታለሁ፣ ሻጋታው ለልጆች ደረት ጥሩ አይደለም።

ለምረቃው የላክኸውን ማንገቻ እሷ ለብሳው ሄደች። በጣም ጥሩ ነው። ካየኋቸው ሁሉ ይበልጣል ያልከው እውነትህን ነው። ከመሄዷ በፊት ፊቴ ቆማ ጎንበስ አለችልኝ፣ ምንም አልተወዛወዘም። እኔም ሄድኩ፣ ከወላጆች ጋር ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ስንት ምረቃ አንስቻለሁ፣ አንዱንም አላየሁም ነበር ለካ። ስም ሲጠራ እናት እንዴት ከወንበሯ ብድግ እንደምትል አላውቅም ነበር፤ እኔ ሁልጊዜ ልጁን ነው የማነጣጥረው። አጠገቤ የተቀመጠች ሴት የልጇ ስም ሲጠራ እጄን ያዘችኝ። የያዘችው ቀኙን ነው። መያዟን አየሁ እንጂ አልተሰማኝም።

የፊታችን ሰኞ ጅማ እተኛለሁ። ሐኪሙ ሁለቱ ትንንሽ ጣቶች እንደማይመለሱ ነግሮኛል። ሦስተኛው ምናልባት። ይህን የምነግርህ እንድትጸጸት አይደለም። ከሌላ ሰው ሰምተህ የደበቅኩህ እንዳይመስልህ ነው።

አንተ ክፉ ልጅ አይደለህም። ክፉ ሰው ለማቀዝቀዣ ጎንበስ ብሎ ማንገቻ አይፈትንም። ከእነዚያ ማንገቻዎች ጋር ያጠፋኸውን ሰዓት ሁሉ ለእኔ ብለህ እንዳጠፋኸው አውቃለሁ፣ ፍቅርህን አልጠረጠርኩም። ብቻ አንዱን ቃል ከብዶህ በእሱ ፈንታ ስትገዛና ስትልክ ከረምክ። እኔም ሌላ ላክልኝ፣ ሌላ ላክልኝ እያልኩ ቃሉን እንዳትናገር ረዳሁህ። ሁለታችንም ደክመናል።

አሁን ማንም መቼ ነው የሚመጣው አይለኝም፣ ለሁሉም ነግሬያለሁ። በምሽት ደጅ ቁጭ እላለሁ፣ ባጃጅ ያልፋል፣ ሰው ሰላም ይለኛል፣ በግራ እጄ ሰላም እላለሁ። ወገብህን ታከም። ቀበቶ ታጥቆ መሥራት መታከም አይደለም፣ ይህን ከእኔ በላይ የሚነግርህ የለም።

ከእንግዲህ ብትመጣ የማስረክብህ ነገር የለኝም። ስለዚህ መምጣት ትችላለህ።

አክስትህ በዛወርቅ